የተለገሰ የዓይን ብሌን ንጹሕ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ካዛንቺስ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸው በልጅነት ሕመም ጠባሳ ነጭ ለብሶ የቀረ፣ ግራውም እየደከመ የመጣ። ወረፋ ይዘው ብዙ ጠበቁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለና «ብሌን ተገኝቷል፣ ነገ ጠዋት ይምጡ» ተባሉ። እኔ ያኔ የምህንድስና ተማሪ ነበርኩ፤ በሰፈር ደግሞ የተማረ ልጅ ሁሉን ነገር ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። አስጠሩኝና «ልጄ፣ የሟቹ ዓይን ንጹሕ ነው? ሌላ በሽታ ይዞብኝ ቢመጣስ?» አሉኝ። «አይስጉ እማማ፣ መርምረው ነው የሚሰጡት» አልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ያልኩት ሳላውቅ ነው። ከዓመታት በኋላ ለድኅረ ምረቃ ጥናቴ ስለ ተህዋስያን መለያ መሣሪያዎች ማንበብ ስጀምር ነው ጥያቄያቸው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የገባኝ። የለጋሹ ደም ተመርምሮ የሚታወቁ በሽታዎች አሉ፤ የእነሱ ውጤት በሰዓታት ይደርሳል። ብሌኑ ላይ የተቀመጠ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ግን ተራብቶ እስኪታይ ድረስ ቀናት ይፈልጋል። ብሌኑ ደግሞ ያን ያህል አይታገስም። በዚህ የተነሳ በብዙ አገሮች የባክቴሪያ ምርመራው ውጤት ሐኪሙ እጅ የሚገባው ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? ታሪኩ ከመቶ ዓመት ያለፈ የጊዜ ሽሚያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ የሚለገሰው ምንድን ነው?

በአማርኛ «የዓይን ብሌን ልገሳ» እንላለን። በጣም የምንሳሳለትን ሰው «እንደ ዓይኔ ብሌን» ስለምንል ቃሉ ለስጦታው ይመጥናል። በጥብቅ ካየነው ግን ብሌን የምትባለው በመሃል የምትታየዋ ጥቁር ክብ ናት። የሚለገሰው ከእሷ ፊት እንደ ሰዓት መስታወት የተደፋው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ ነው። ሙሉ ዓይን አይተከልም። እኔም ከዚህ በኋላ ብሌን ስል ኮርኒያን ማለቴ ነው።

ኮርኒያ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ሁለት ጠባዮቹን ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ የደም ሥር የለውም። ስለዚህ የሌላ ሰው ኮርኒያ ከሌሎች አካላት ይልቅ በቀላሉ ይለመዳል። በዚያው ልክ ግን ተህዋስ ሲገባበት የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ዘግይተው ነው የሚደርሱት። ሁለተኛ፣ ከውስጥ በኩል አንድ ረድፍ ብቻ የሆኑ ሕዋሳት አሉት። ሥራቸው ልክ እንደ ፓምፕ ውሃ እየሳቡ ማውጣት ነው፤ ሥራቸውን ካቆሙ ኮርኒያው ያብጥና ይደፈርሳል። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ ሲሞቱ አይተኩም። በማከማቻ ውስጥ በቆየ ቁጥርም ቁጥራቸው ይቀንሳል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ምርመራ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብሌኑ ደግሞ ጊዜ በሄደ ቁጥር ይከስራል።

ማከማቻ ያልነበረበት ዘመን

ኤድዋርድ ዚርም የሚባል ሐኪም በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ኦሎሞውትስ ከተማ ታኅሣሥ 7 ቀን 1905 ያደረገው ንቅለ ተከላ በሰው ላይ የተሳካ የመጀመሪያው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ተብሎ ይታወቃል። ታካሚው ኖራ ሁለቱንም ዓይኑን ያቃጠለው የቀን ሠራተኛ ነበር። ብሌኑ የተገኘው ደግሞ ከሞተ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ ተጎድቶ መውጣት ከነበረበት የ11 ዓመት ልጅ ነው። ከአንዱ ወጥቶ ወዲያው ወደ ሌላው ሄደ። ማከማቻ የለም፣ መጠበቅ የለም፤ ስለዚህ ተከማችቶ የሚራባ ተህዋስም የለም።

ግን እንዲህ ያለ አጋጣሚ ስንት ጊዜ ይገኛል? መንገዱን የከፈተው የኦዴሳው ሐኪም ቭላድሚር ፊላቶቭ ነው። በ1930ዎቹ ከሟች የተወሰደ ኮርኒያ ቀዝቃዛና እርጥብ ዕቃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ሊተከል እንደሚችል በብዙ ታካሚዎች ላይ አሳየ። በ1944 ደግሞ ታውንሊ ፓተን ኒውዮርክ ውስጥ የመጀመሪያውን የዓይን ባንክ አቋቋመ። «ባንክ» የሚለው ቃል ከደም ባንክ የተወረሰ ነው፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ይወስዳል።

የዚያ ዘመን ባንክ ሙሉውን ዓይን በእርጥብ ጠርሙስ አድርጎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኖር ነበር። የነበረው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። ሐኪሙ በሌሊት ይጠራል፣ ታካሚው በሌሊት ይመጣል። ባክቴሪያ መኖሩን ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ዘዴ ያኔም የነበረው ናሙናውን ምግብ ባለው ሳህን ላይ አስቀምጦ እስኪበቅል መጠበቅ ነው። ዩሊየስ ፔትሪ በስሙ የሚጠራውን ክዳን ያለው ሳህን ያስተዋወቀው በ1887 ነው፤ ሳህኑ ዛሬም በየላቦራቶሪው አለ። እሱም ቢሆን ከአንድ እስከ ብዙ ቀናት ይጠይቃል። በዚያ ጥድፊያ መሃል ማን ሊጠብቀው?

ቅዝቃዜ የሰጠውና የደበቀው

በ1974 በርናርድ ማኬሪ እና ኸርበርት ካውፍማን ኮርኒያውን ከዓይኑ ቆርጦ በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ማቆየትን አስተዋወቁ። ፈሳሹ ለሕዋሳት ምግብ፣ እብጠት የሚከላከል ንጥረ ነገርና አንቲባዮቲክ ነበረው፤ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስከ 4 ቀን ያቆያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጡት የተሻሻሉ ፈሳሾች ጊዜውን እስከ 14 ቀን አደረሱት። የሌሊት ሥራ ቀረ፤ ታካሚው በቀጠሮ መምጣት ቻለ። ብሌን ከአገር አገር በአውሮፕላን መላክም ተለመደ።

ታዲያ 14 ቀን ካለ ለምን አይመረመርም? ምክንያቱም ቅዝቃዜው ብሌኑን ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያውንም ያስተኛዋል። አንድ ባክቴሪያ በሰውነት ሙቀት በየግማሽ ሰዓቱ ለሁለት ይከፈላል እንበል። በ10 ሰዓት ውስጥ 20 ጊዜ ይከፈላል፤ 2 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። በ4 ዲግሪ ግን አብዛኞቹ መክፈል ያቆማሉ። አንድ የነበረው አንድ ሆኖ ይቀመጣል፤ ፈሳሹም ጥርት ብሎ ይታያል።

ነገሩን የሚያባብሰው፣ በፈሳሹ ውስጥ የተጨመሩት እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉ አንቲባዮቲኮች ባክቴሪያውን የሚገድሉት እየሠራና እየተራባ እያለ መሆኑ ነው። የተኛ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ብዙም አይቀምሰውም። ስለዚህ ብሌኑን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወደ ክፍል ሙቀት ማምጣት ይመከራል፤ ባክቴሪያው ሲነቃ መድኃኒቱ ያገኘዋል። በብዛት በሥራ ላይ በዋለው የዚህ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት የለም። እንደ ካንዲዳ ያለው ፈንገስ ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚያስፈራውም በዚህ የተነሳ ነው።

በዚህ በቀዝቃዛው መንገድ ሐኪሙ መሃሉን ቆርጦ ይተክልና የተረፈውን የኮርኒያ ጠርዝ ለባክቴሪያ ምርመራ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ውጤቱ ሲመጣ ታካሚው ዓይኑ ታሽጎ ተኝቷል። ደግነቱ፣ ጠርዙ ላይ ተህዋስ ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ኢንፌክሽን ወደ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን የተተከለውን ብሌን ብቻ ሳይሆን ዓይኑን ራሱ ሊያሳጣ ይችላል።

ሌላው መንገድ፦ ማሞቅና መጠበቅ

በ1970ዎቹ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሌላ ሐሳብ ተሞከረ፤ በኋላ ግን አሜሪካ ትታው አውሮፓ ያዘችው። ኮርኒያውን ከ31 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሙቀት እያኖሩ እስከ 4 ሳምንት ማቆየት ነው። በዚህ ሙቀት ብሌኑ ሕያው ሆኖ ይቆያል። ካለ ደግሞ ባክቴሪያውም ይራባል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው! አመክንዮው «ጠላት ካለ ቀድሞ ይውጣ» ዓይነት ነው። የፈሳሹ ቀይ ቀለም ባክቴሪያ አሲድ ሲያመነጭ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ከፈሳሹ ናሙና እየተወሰደ ይመረመራል፤ ብሌኑ የሚለቀቀው ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው።

ዋጋው ቀላል አይደለም። ማሞቂያ ሳጥን፣ ንጹሕ የአየር ክፍል፣ ፈሳሹን የሚቀይር የሠለጠነ ሰው፣ ቀን ከሌሊት የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። የእኛን ከተማ መብራት የሚያውቅ ሰው የመጨረሻዋን ነገር ሳይነገረው ይረዳታል።

የጠርሙሱ ሒሳብ

እዚህ ላይ መሐንዲስነቴ ያስቸግረኛልና አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ 10 ባክቴሪያዎች ብቻ ተበትነዋል እንበል። እኛ 1 ሚሊ ሊትር ቀድተን መረመርን። አንድ ባክቴሪያ ከናሙናው ውጭ የመቅረት ዕድሉ ከ20 አሥራ ዘጠኝ፣ ማለትም 0.95 ነው። አሥሩም የመቅረት ዕድላቸው 0.95 በራሱ 10 ጊዜ ሲባዛ 0.6 ገደማ ይሆናል። ማለትም የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢኖረን፣ ከ10 ጊዜ 6ቱን ጊዜ ናሙናችን ባዶ ነው! ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ የተቀዳው ጠብታ ውስጥ የሚገኝ ነገር አልነበረም። «ምንም አልተገኘም» እና «ምንም የለም» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

መሣሪያዎቹስ? ትልቁ ለውጥ የመጣው ከደም ምርመራ ነው። ባክቴሪያ ሲመገብ ልክ እንደ እኛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በ1970ዎቹ የተስፋፉት የመጀመሪያዎቹ አውቶማቲክ ማሽኖች ይህን ጋዝ በጨረር አመንጪ ካርቦን ይለኩ ነበር፤ በኋላ የመጡት በጠርሙሱ ግርጌ ባለ ቀለም በሚቀይር ወይም በሚያበራ ዳሳሽ ይለካሉ። ማሽኑ ጠርሙሱን በየጥቂት ደቂቃው ስለሚያይ የተለመዱትን ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ ይይዛል። ዝግ ብለው የሚያድጉት ግን ከሳምንት በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። በዚያ ላይ ናሙናው ከማከማቻው አንቲባዮቲክ ይዞ ስለሚመጣ፣ መድኃኒቱ ካልተወገደ ባክቴሪያው እያለ ላይበቅል ይችላል።

የዘረመል ምርመራው ፒሲአር ፈጣን ነው፤ ግን የሞተን ባክቴሪያ ዘረመልም ያገኛል። በአዮዲን የታጠበ ብሌን ላይ ደግሞ የሞተ ባክቴሪያ መኖሩ የሚጠበቅ ነው። በስህተት «ቆሻሻ ነው» ማለት ቀላል ጉዳት እንዳይመስላችሁ። ከ100 ብሌኖች 2ቱ ብቻ የተበከሉ ናቸው፣ መሣሪያችን ደግሞ ከ100 ንጹሕ 5ቱን በስህተት ይከሳል እንበል። ሁለቱን ለመያዝ ስንል አምስት ያህል ንጹሕ ብሌን እንጥላለን። ብሌን በሞላበት አገር ይህ ወጪ ነው። በእኛ አገር ግን አምስት ሰው ሳያይ ይቀራል፤ አምስት ጊዜ የተሰጠ የሐዘንተኛ ቤተሰብ ስጦታም ይባክናል።

አዲስ አበባ ላይ ስንደርስ

በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ነው። 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት በመጣ የኮርኒያ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ የኮርኒያ ጠባሳ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከአምስት ዓይነ ስውራን አንዱ ማለት ይቻላል። ሁሉም በንቅለ ተከላ የሚድኑ አይደሉም፤ የሚድኑት ግን ከሚገኘው ብሌን እጅግ ይበልጣሉ።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ2003 በኦርቢስ ድጋፍ ተቋቁሞ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። የቀድሞው ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ብሌናቸውን ለመለገስ ቃል በመግባታቸው ስሙ በሕዝብ ዘንድ ታወቀ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የዓይን ባንኩ ከደም ባንኩ ጋር በአንድ ተቋም ሥር ሆነ። ከካዛንቺስ ወርዳችሁ፣ እስጢፋኖስንና መስቀል አደባባይን አልፋችሁ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስታዲየም አካባቢ ደም ለመስጠት የምትሄዱበት ተቋም ዛሬ ስሙ «የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት» ነው።

ሁለቱ መገናኘታቸው ለእኔ የቢሮ መዋቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደም ባንክም ይህንኑ እንቆቅልሽ ያውቀዋል። ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍል ከ20 እስከ 24 ዲግሪ የሚቀመጥ በመሆኑ ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ የሚቆየው በተለምዶ 5 ቀን ብቻ ነው። ለእሱ ተብለው በዓለም ላይ የተሠሩት የምርመራ ዘዴዎች ለብሌንም ይጠቅማሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ከሌላው መማር ይችላል።

ከማሽኑ በፊት የሚሠራው ሥራ

እስካሁን ያነበባችሁት «ታዲያ እኛ ምን ተስፋ አለን?» አሰኝቷችሁ ይሆናል። ታሪኩ የሚያስተምረው ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ ብሌንን በብዛት ያዳነው ባክቴሪያን የሚያገኝ መሣሪያ ሳይሆን ባክቴሪያ እንዳይደርስ የሚያደርገው ተራ የሚመስል ሥራ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄ አለ። ሰውየው በምን ሞተ? በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ምክንያቱ በትክክል ሳይታወቅ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኮርኒያ የእብድ ውሻ በሽታ አስተላልፎ ተቀባይዋን ገድሏል። ይህን ማንኛውም የባክቴሪያ ሳህን አያገኘውም፤ የሚያገኘው ቤተሰብን በትሕትና የሚጠይቅና የሕክምና ካርዱን የሚያነብ ሰው ነው። ቀጥሎ የደም ምርመራው አለ፤ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ። ከዚያ ቁስል ላይ የምናውቀው ያ ቡናማ አዮዲን ይመጣል። ብሌኑ ከመወሰዱ በፊት ዓይኑ በፖቪዶን አዮዲን ለደቂቃዎች ይታጠባል፤ ርካሽ ነው፣ ባክቴሪያንም ፈንገስንም ይገድላል። በመጨረሻም ብሌኑን በማይክሮስኮፕ የሚያይ የሠለጠነ ዓይን አለ።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሰዓቱ አለ። ሰው ሲሞት የሰውነቱ መከላከያ ይቆማል፤ በዓይን ሽፋኑ ላይ ድሮም የነበሩት ባክቴሪያዎች ግን አያቆሙም። አስከሬኑ ገና ሙቅ ነው፤ ያ የግማሽ ሰዓቱ ስሌት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ነው ቤተሰብ ሞት በደረሰ በ6 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ የሚመከረው።

በእኛ አገር ሞትን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ማነው? ዕድር ነው። ስሙን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች የወረሰው ካዛንቺስ በቆርቆሮ አጥሩ መሃል ጥሩምባ ሲነፋ ስንት ሰው ከእንቅልፉ ነቅቷል! የዕድሩ ሰው ድንኳን ሲያስተክል፣ ለቀባሪው ሲናገር፣ አንድ ስልክ ደግሞ ወደ ዓይን ባንኩ ቢደውል ከየትኛውም ዳሳሽ የበለጠ ተህዋስ ይከላከላል። ሰፈሩ ባለፉት ዓመታት ብዙ ፈርሷል፤ ዕድርተኛውም ወደየአቅጣጫው ተበትኗል። አሁን «አባቴ ብሌናቸውን ለመስጠት ቃል ገብተው ነበር» የሚለውን የሚያስታውስ ጎረቤት በሩ ላይ የለም። እናንተ ቃል ከገባችሁ ለቤተሰባችሁ ብቻ ሳይሆን ለአዲሱ ዕድራችሁም ንገሩ።

እኔ በበኩሌ የማልመው መሣሪያ ውድ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የማይደናገጥ፣ ጥቂት ጠብታ ሳይሆን ብዙውን ፈሳሽ የሚያጣራ፣ ሕያዉን ከሞተው የሚለይ፣ ሐኪሙ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት መልስ የሚሰጥ። እስካሁን እንዲህ ያለ በየትም አገር በተለመደ አሠራር ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ እኛም ከኋላ ሳይሆን ከመሃል ነው የምንጀምረው።

ጎረቤታችን ንቅለ ተከላቸው ተሳክቶ፣ ማጀታቸው ገብተው በርበሬውን ከሽሮው በዓይናቸው ለይተዋል። ያን ጥያቄ ዛሬ ቢጠይቁኝ «መርምረውታል» ብቻ ብዬ አላልፍም። «እማማ፣ ፍጹም ንጹሕ ነው ብሎ የሚምል የለም። ግን ቤተሰቡ ቶሎ ደውሏል፣ የሞተበት ምክንያት ተጠይቋል፣ ደሙ ታይቷል፣ ዓይኑ ታጥቧል። ከሕክምናው በኋላ ዓይንዎ ከቀላ፣ ካመመዎ ወይም ብርሃን ካስቸገረዎ ግን ሳያድሩ ይምጡ» እላቸዋለሁ። የመጨረሻዋ ምክር ብሌን ለተተከለለት ሰው ሁሉ ትሠራለች፤ ምክንያቱም ውጤቱ ዘግይቶ በሚደርስበት ምርመራ ውስጥ የመጨረሻው መርማሪ ታካሚው ራሱ ነው።